190 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፦ የቴምዝ ጀልባዬ የሥራ ማስታወሻ

ማርች መጨረሻ፦ ግዢ

ጀልባዋ 7.2 ሜትር ትረዝማለች። ስፋቷ 2.5 ሜትር። ሞተሯ 4.3 ሊትር ቪ6፣ ቤንዚን፣ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ 190 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሩ ከውስጥ ነው የተቀመጠው። ማርሹና ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላ በሚንጠለጠል ክፍል ላይ ናቸው። እኔ "እግር" እያልኩ እጽፋለሁ።

ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ባሕር ላይ ነው። እኔ የገዛኋት እንግሊዝ ላለው ለቴምዝ ወንዝ ነው። ለንደን ምዕራብ ካለው ከቴዲንግተን በላይ የባሕር ሙላት አይደርስም። እዚያ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው።

ለምን እንዲህ ያለች ጀልባ? በዋጋዋ ምክንያት። ለወንዝ ተብለው የተሠሩት ባለ ናፍጣዎች በዚህ ርዝመት ከአቅሜ በላይ ሆኑ። ትልቅ የቤንዚን ሞተር ያላቸው ግን ሰው የነዳጅ ወጪውን ስለሚፈራ ይረክሳሉ። 8,900 ፓውንድ ከፈልኩ። ከነማስጫኛው 9,350 ሆነ።

መኪና መካኒክ ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ጀልባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምይዘው።

ግቤ አንድ ነው። የዚህ አገር ክረምት ሳይገባ ባለቤቴንና ልጄን በውኃ ዊንዘር፣ የነገሥታቱ ግንብ ያለበት ከተማ፣ ማድረስ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እዚያ ነው የተቀበረው፣ በ1879 እ.ኤ.አ.፣ በ18 ዓመቱ። ልጄ ታሪኩን ቤት ስትሰማ ነው ያደገችው። በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ቀስ ብለን እንድንሄድ ፈለግሁ።

ሳምንት 1፦ ቀጥ ብላ አትሄድም

የምናስራት ከፔንተን ሁክ ሎክ በላይ ነው። ሎክ ማለት ሁለት በር ያለው የውኃ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውኃው ይሞላል፣ ወደ ላይኛው ወንዝ ይወጣል።

ማርሽ አስገባሁ። ነዳጅ አልነካሁም። ሃያ ሜትር ያህል ደህና ሄደች። ከዚያ አፍንጫዋ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ምንም የለም። ጨመርኩ። አሁንም የለም። ድንገት ወደ ቀኝ ተወረወረች። ወደ ግራ መለስኩ። ዘገየች፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ ሄደች። አንድ ኪሎ ሜትር እንዲሁ እንደ እባብ ተጠማዘዝን። ልጄን አጥወለወላት። ከፊት የሚቀዝፉ ልጆች መጡ፣ እኔ መሀል ወንዝ ላይ ነበርኩ። ማርሹን ነፃ አደረግሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርሳ አልታዘዝ አለች።

ምክንያቱን ማታ አሰብኩት። የዚህች ጀልባ ሆድ የተሠራው ከውኃው በላይ ተነሥቶ ለመንሸራተት ነው። በፍጥነት ስትሄድ ውኃው ራሱ ያቀናታል። በዝግታ ግን ሆዷ እንደ ሳህን ነው። ራሱን የቻለ የመሪ ሰሌዳም የላትም። የምትዞረው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውኃ አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ ነው። ማርሹ ነፃ ከሆነ መሪ የለም ማለት ነው።

ፍጥነቱንም በጂፒኤስ ለካሁ። ነዳጅ ሳይነካ፣ ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ላይ። ወደ ላይ 6.3፣ ወደ ታች 8.6። ማለትም በውኃው ላይ ፍጥነቷ 7.4 አካባቢ ነው፣ ወንዙ ደግሞ ከ1 ትንሽ በላይ ይጨምራል። ምንም ሳልነካ ከፍጥነት ጣሪያው አልፌያለሁ።

አጠገባችን ጀልባ ያለው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ዳር ቆሞ ሲያየኝ ነበር። መጥቶ የጀልባዋን እግር አየና ትሪሙ (የእግሩ ከፍታና ዝቅታ ማስተካከያ) ወደ ላይ መነሣቱን አሳየኝ። ለባሕር ፍጥነት እንደተስተካከለ ነው የመጣው። በዝግታ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች መውረድ አለበት። አወረድነው። ተሻለ፣ ግን አልዳነም።

ሳምንት 2፦ መሪው

መሪውን ይዤ ሩብ ዙር ያህል ብወዘውዘው እግሩ አይንቀሳቀስም። ይህ ባሕር ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይታወቅም። በ6 ኪሎ ሜትር ግን ሁሉም ነገር ይህች ሩብ ዙር ናት።

የመሪው ካቦ (የብረት ገመዱ) ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው ቡሽ፣ ማለትም ቀለበቱ፣ ነው ያለቀው። የቀዳዳው ቅርጽ እንቁላል መስሏል። ግሪሱም ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። ቡሹ 14 ፓውንድ፣ ግሪስ 8። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ሁለቱ ሰዓት እጄን የማስገባበት ቦታ ፍለጋ ነው። አሁን ክፍተቱ ሦስት ጣት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጋሼ የምላቸውን የሠፈራችንን ሰው ይዤ ወጣሁ። ባሕር ዳር ነው ያደጉት፣ ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ። መሪ ይዘው አያውቁም።

"ጋሼ፣ እስቲ ይያዙልኝ" አልኳቸው።

"አምጣ" አሉና ያዙ። እጃቸውን ብዙም አላንቀሳቀሱም። አፍንጫዋ ወደ ግራ ሲሄድ ትንሽ ወደ ቀኝ አደረጉና ወዲያው መሪውን ወደ መሀል መለሱት። ጠበቁ። ራሷ ተመለሰች።

"አንተ ልጅ፣ አፍንጫዋን አትይ። ያን ዛፍ እይ። አንዴ ነግረሃታል እኮ፣ ጊዜ ስጣት።"

የእኔ ጥፋት ይህ ነበር። ጀልባዋ መልስ የምትሰጠው ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ መልሱ ሳይመጣ ሁለተኛ እጨምራለሁ። ሁለቱ ትእዛዝ አብሮ ሲደርስ ትወረወራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩቅ ያለ ዛፍ ወይም የቤት ጣሪያ መርጬ ነው የምነዳው። ሩቡ ዙር ክፍተት እያለ ይህን መልመድ አይቻልም ነበር። ብረቱም እጁም አብረው ነው የተስተካከሉት።

ሳምንት 3 እና 4፦ ሚኒሞ

ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። 850 ለወንዝ ይበዛል። ለዚህ ሞተር በማርሽ 650 አካባቢ ይበቃል። ሂሳቡን ሠራሁ። የማርሹ ምጣኔ 1.84 ለ 1 ነው። 650 ሲካፈል ለ1.84 ፕሮፔለሩ 353 ጊዜ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ባለ 19 ኢንች ፒች ነው፣ በአንድ ዙር 48 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ግን በዝግታ ውኃው ስለሚያዳልጠው ግማሽ ሊጠጋ ይጠፋል። ስለዚህ 5.5 አካባቢ ጠበቅሁ።

የሚኒሞውን ብሎን ወደ 700 ሳወርደው ሞተሩ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ጠፋ። የቀድሞው ባለቤት ለምን 850 ላይ እንዳስቀመጠው ገባኝ። ሌላ በሽታ ነው በዙር የተሸፈነው።

መኪና ላይ ቢሆን የአየር ማስገቢያውን ዙሪያ በካርቡሬተር ማጽጃ እረጨዋለሁ፤ ዙሩ ከተቀየረ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጀልባ ውስጥ ይህን ማድረግ ክልክል ነው ብዬ ልጻፈው። የሞተሩ ክፍል ዝግ ነው፣ የቤንዚን ትነት ታች ይተኛል። ስለዚህም ነው ሞተር ከማስነሣቴ በፊት የአየር ማራገቢያውን ቢያንስ አራት ደቂቃ የማስኬደው። በዝግታ ስሄድም አላጠፋውም። ስለዚህ በውኃ መርጫ ሠራሁት፣ የአበባ ማጠጫዋን። ካርቡሬተሩ ሥር ውኃው ሲነካ ዙሩ ተቀየረ። ጋስኬቱ፣ በመሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ደርቆ ተሰንጥቋል። 9 ፓውንድ።

ካወረድኩት አይቀር ካርቡሬተሩንም ፈታሁት። የጥገና ኪት 62 ፓውንድ። ቀጭኗ የሚኒሞ ቀዳዳ በቆሻሻ ግማሽ ተዘግታ ነበር። በሽቦ አልነካኋትም፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በማጽጃ ነክሬ በአየር ነፋሁት።

ገጠምኩ። 650 በማርሽ፣ ሳይንቀጠቀጥ። 5.6 ኪሎ ሜትር በውኃው ላይ። ማርሽ ሲገባ ይመታ የነበረው "ጓ" የሚል ድምፅም ቀነሰ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነው ቤት የገባሁት።

(ይህን ቦታ ልብ በሉ። ካርቡሬተሩን ስመልስ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ የታወቀኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።)

ሳምንት 5፦ ክንፍና ባልዲ

ጀልባዋ አሁንም ነፋስ ሲመታት ትንከራተታለች። ሁለት ነገር ሞከርኩ።

መጀመሪያ ባልዲ። ከኋላ በገመድ ባልዲ መጎተት ያቀናታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ያቀናታል። ግን ማርሽ ነፃ ሳደርግ ባልዲው ወደ ፕሮፔለሩ ቀረበ። ወደ ኋላ ማርሽ ቢገባ ገመዱ ይጠመጠማል። ወዲያው ጎትቼ አወጣሁት። ሎክ ባለበት ወንዝ ላይ አይሆንም።

ቀጥሎ ክንፍ። ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ክፍል ላይ የሚታሰር፣ በፕሮፔለሩ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርድ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ትንሽ የመሪ ሰሌዳ እንደ መስጠት ነው። 95 ፓውንድ። ጀልባዋ ከውኃ መውጣት ስላለባት የወጣችበትን ቀን ጠብቄ ገጠምኩት።

በስሕተት ነው የገጠምኩት። በዓይኔ ለክቼ በሳሁ። አራት ሚሊ ሜትር ያህል ተጣሟል። ውኃ ላይ ሳወርዳት ያለማቋረጥ ወደ ቀኝ ትስባለች። እጄ ደከመ። እንደገና ማውጣት ሊኖርብኝ ነው ብዬ አዘንኩ። ደግነቱ ሽማግሌው ጎረቤቴ እግሩን እስከ ላይ አንሥተን ከተንሳፋፊው መቆሚያ ላይ ሆነን እንድንሠራ ረዳኝ። ቀዳዳውን አሰፋሁ፣ ከሁለቱም ወገን እስከ ፕሮፔለሩ መሀል በክር ለካሁ፣ ሰፊ ሮንዴላ አድርጌ አጠበቅሁ። አሁን ቀጥ ትላለች። ማርሽ ነፃ ሲሆንም ትንሽ ትታዘዛለች፣ ይህ ለሎክ ትልቅ ነገር ነው።

ሳምንት 6፦ ሞገድ

ሜይ ላይ ዳር ዳሩን የዳክዬና የዝይ ጫጩት ሞልቷል። የእኛ መታሰሪያ አጠገብ ጎጆዋ ላይ የተቀመጠች ስዋን አለች። ጎጆው ከውኃው አንድ ስንዝር አይርቅም።

ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ሞገዱን እንድትቆጣጠር አደረግሁ። ዳር ላይ ሲሰበር ካየች ትነግረኛለች። በ8 ላይ ብዙ ጊዜ ጮኸች። በ6.5 ዝም አለች። ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ ከሆነ በ7ም ትጮኻለች፣ ጅራቷ ስለሚሰምጥ። ከባዱን ዕቃ፣ የውኃ ጀሪካኑንና መልሕቁን፣ ወደ ፊት አዛወርኩ። ለውጡ ወዲያው ታየ።

ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ነው። የወንዙ ፍጥነት 3 ቢሆን፣ ወደ ላይ በዳሩ ሲለካ 8 ለመሄድ በውኃው ላይ 11 ያስፈልጋል። ይህች ጀልባ ሳትነሣ የምትችለው ጥግ 12 አካባቢ ነው። አፍንጫዋ ይነሣል፣ ከኋላዋ ግድግዳ የመሰለ ሞገድ ይከተላል። ሕጉን ሳልጥስ ዳሩን አፈርሳለሁ። ወደ ታች ስሄድ ደግሞ በሚኒሞ ብቻ 8.6 ነኝ፣ ማቆሚያም የለኝም። ሎኮቹ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ሲሰቀል ወንዙ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ቀይ ሲሆን ኃይለኛ ነው። ለእኔ ቢጫው ላይ ነው የሚያበቃው፣ አልወጣም።

ሳምንት 8፦ ጭሱ

ይህን ከሌላው ሁሉ አስረዝሜ እጽፋለሁ።

ቀኑ ዝናብ ነበር። የሸራውን ጣሪያ ዘርግተን የፊቱንና የጎኑን ዘጋን። የኋላውን ጠቅልለን ከፈትነው፣ አየር ይገባል ብለን። ነፋሱ ከኋላ ነው። በ5.5 እየሄድን ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ጮኸ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት "ራሴን አመመኝ" ብላ ነበር፤ ብርዱ ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ጎኑን ሁሉ ቀደድን እንጂ ከፈትን አይባልም። ዳር ይዤ አስሬ ሞተሩን አጠፋሁ። ውጪ ዝናቡ ላይ ተቀመጥን። ወደ ሕክምና ምክር መስመር ደወልን፣ ጠይቀውን፣ ምን እንደምናይ ነግረውን ተከታተሉን። ራስ ምታቱ ከሰዓት በኋላ ለቀቃት። ልጄ ደህና ነበረች። በጣም ነው የደነገጥኩት።

የሆነው ይህ ነው። የሞተሩ ጭስ ከኋላ፣ ከውኃው ወለል አጠገብ ይወጣል። ጀልባው ሲሄድ ከጀርባው አየሩ የሚሳሳበት ቦታ ይፈጠራል። ፊቱ ዝግ፣ ኋላው ክፍት ከሆነ ያ ቦታ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል። በፍጥነት ሲሄዱ ጭሱ ወደ ኋላ ይቀራል። በ5 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ነፋስ ከኋላ ሲነፍስ፣ ጭሱ ከእኛ ጋር ነው የሚጓዘው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

እዚህ አገር የጀልባ ደኅንነት ምርመራው ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ መኝታ ክፍል ያለው ጀልባ ሁሉ ማንቂያ እንዲኖረው ያስገድዳል። እኔም ለምርመራው ብዬ ነበር የሰቀልኩት። አሁን ሁለተኛ ገዛሁ፣ 24 ፓውንድ፣ መሪው አጠገብ። ሕጋችንም ተቀየረ። ሞተር ከተነሣ የፊቱ መስኮት ይከፈታል። አየሩ ከፊት ገብቶ በኋላ ይውጣ። ዝናብ ከሆነ እንረጥባለን። ሎክ ውስጥ ሌሎች ጀልባዎች አጠገባችን ሲቆሙ ደግሞ ሁሉም ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው፣ የእኔን መጀመሪያ አጠፋለሁ።

ማንቂያው ለምን እንዲህ በፍጥነት እንደ ጮኸ ግን አልተዋጠልኝም። ጤነኛ ሞተር ይህን ያህል አያወጣም።

ሳምንት 9፦ ካንዴላዎቹ

ካንዴላዎቹን፣ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሱትን፣ ፈታሁ። ስድስቱም ጥቁር፣ ጥላሸት የለበሱ። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ። ዘይቱ መጀመሪያ ከነበረበት ምልክት በ8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። አሸተትኩት፣ ቤንዚን ይሸታል።

የሰማሁት ሁሉ አንድ ነው፦ ትልቅ ሞተር በዝግታ ሲነዳ ይታፈናል፣ አንዳንዴ ውጣና ሙሉ ነዳጅ ስጠው። የት ልውጣ? ከቴዲንግተን በታች ብወርድ እንኳ እስከ ዋንድስዎርዝ ድልድይ የፍጥነት ጣሪያው 8 ኖት ነው፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል። ይህ ለእኔ ጀልባ ከሁሉ የባሰ ፍጥነት ነው። አትነሣም፣ አትቀመጥም፣ ሞገዷ ብቻ ነው። ከዚያ በታችም ሌላ ጣሪያ አለ። አንዳንዱ ጀልባውን አስሮ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ይሰጣል። ዳሩን ይቦረቡራል፣ መቆሚያውን ይነቅላል። አላደርገውም። ሙቀቱ ከፍ ያለ ካንዴላ ልቀይር ብዬም አሰብኩ። እሱ ደግሞ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ሲወድቅ ፒስተን ያበላሻል። ተውኩት።

ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አሠርቼ የካርቡሬተሩን አፍ አየሁ። ቾኩ፣ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩን የሚዘጋው ክዳን፣ ግማሹን ተዘግቶ ቆሟል። ሞተሩ ሲሞቅ ቀጥ ብሎ መከፈት ነበረበት። የኤሌክትሪክ ቾክ ነው፣ 12 ቮልት ሲደርሰው ይሞቅና ይከፍታል። በቴስተር ለካሁ። ዜሮ።

ካርቡሬተሩን ሳወርድ የነቀልኩት ገመድ ነው። ስመልሰው ጫፉ ዝጎ ነበር፣ ገፍቼ አስገባሁት፣ የያዘ መሰለኝ። ያን ቀን ቾኩን ያየሁት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፣ በዚያ ሰዓት ዝግ መሆኑ ትክክል ነው። ሲሞቅ አላየሁትም። ለአምስት ሳምንት አየር ተከልክሎ፣ ነዳጅ በዝቶበት ሲሠራ ቆየ። ካንዴላውን ያጠቆረው፣ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን የጨመረው፣ ባለቤቴን ያሳመማት ጭስም የበዛው በዚህ ነው። አዲሱ ጫፍ 1 ፓውንድ ነው።

ዘይትና ፊልትሮ 38፣ ስድስት ካንዴላ 30። አሮጌውን ዘይት በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ።

የሞተሩ ሙቀትም ዝቅ ያለ ነበር። ቴርሞስታቱ (የማቀዝቀዣውን ውኃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው) ለባሕር ውኃ የተመረጠ፣ በ60 ዲግሪ የሚከፍት ነው፤ ጨው ውስጡ እንዳይጋገር። ወንዝ ላይ ጨው የለም። በ71 የሚከፍት አስገባሁ፣ 18 ፓውንድ። ዘይቱ ሲሞቅ ጥቂት የገባ ቤንዚን ቢኖርም ይተናል።

የነዳጅ ፍጆታው በሰዓት ከ6.5 ሊትር ወደ 4.3 ወረደ። ሃያ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሁለት ካንዴላ ፈትቼ አየሁ። ቡናማ፣ ደረቅ።

ሳምንት 10 እስከ 12፦ ጥቃቅን

ባትሪ፦ በ650 ዙር ዲናሞው የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ፍሪጁ ከሚገባው በላይ ይበላል። 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ፣ 75 ፓውንድ። ተፈታ።

ነዳጅ፦ ከ2021 ጀምሮ እዚህ የሚሸጠው ተራ ቤንዚን ኢ10 ነው፣ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል ውኃ ይስባል። በዝግታ ስለምንሄድ ነዳጁ ታንክ ውስጥ ብዙ ይቆያል። የፊልትሮው ብርጭቆ ሥር የሾርባ ማንኪያ የሚሞላ ውኃ አገኘሁ። አሁን ታንኩን አልሞላም፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆነኝን ብቻ ነው የማስገባው።

ፕሮፔለር፦ ጎረቤቴ ባለ አራት ምላስ፣ 17 ፒች አበድሮኝ ሞከርኩ። ሚኒሞ ላይ 5.6 የነበረው ወደ 5.1 ወረደ። ትልቁ ጥቅም ግን ወደ ኋላ ማርሽ ላይ ነው። የድሮው ወደ ኋላ ሲዞር ውኃውን ያማስል ነበር እንጂ አያቆማትም። ይህኛው ይይዛል። ያገለገለ በ90 ፓውንድ ገዛሁ። ከ17 በታችም አስቤ ነበር፤ 15 ባደርግ ገና ትቀንሳለች። ግን አንድ ቀን ባሕር ላይ ነዳጅ ብሰጣት ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር ያልፋል። 17 ላይ ቆምኩ።

ሎክ አገባብም በዚህ ጊዜ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ መሪውን ወደምፈልግበት አዞራለሁ፣ ከዚያ ማርሽ ለሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ነፃ። ቀድሞ ማርሽ አስገብቼ ነበር መሪውን የምፈልገው፣ ያን ጊዜ ግፊቱ ወዳልፈለግሁት ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲሆን ጅራቷ ትንሽ ወደ ግራ ስለምትሳብ ምርጫ ካለኝ በግራ ጎኔ ነው የምጠጋው። ልጄ የፊቱን ገመድ፣ ባለቤቴ የኋላውን ይይዛሉ። ገመዱ ምሰሶው ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይቋጠርም። ውኃው ሲወርድ የተቋጠረ ገመድ ጀልባ ያንጠለጥላል።

እስካሁን የወጣው፣ ያለ ግዢው፣ 464 ፓውንድ። የእጅ ዋጋ የለውም።

ሳምንት 15፦ ዊንዘር

ቅዳሜ፣ ጁላይ። ሰሌዳ የለም፣ ወንዙ ጸጥ ብሏል። ጋሼም አብረውን አሉ።

ስቴንስን አለፍን። የኤም25 አውራ ጎዳና ድልድይ ከላያችን ያጓራል፣ ከሥሩ እኛ በእግር ፍጥነት እንሄዳለን። ቤል ዌር ሎክ ወዲያው ቀጥሎ ነው። ከዚያ በግራ በኩል የራኒሚድ መስክ ይመጣል፣ በ1215 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ጆን ማግና ካርታ የተባለውን የመብት ሰነድ የተቀበለበት። ኦልድ ዊንዘር ሎክ ላይ ከአንድ ትልቅ የመንገደኛ ጀልባ ኋላ ገባን። እሱ ሲወጣ ፕሮፔለሩ ውኃውን ሲገፋብን አፍንጫችን ሊዞር ፈለገ። ገመዱ ያዘን። በፊት ቢሆን ነዳጅ እሰጥ ነበር። ጠበቅሁ፣ ውኃው ተረጋጋ፣ ወጣን።

ሮምኒ ሎክን አልፈን ግንቡ ከዛፎቹ በላይ ታየ። ከድልድዩ በላይ አሰርን። ከፔንተን ሁክ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብን፣ ሦስት ሎክ ጨምሮ።

ልዑሉ የተቀበረበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ቅዳሜን የመረጥነው ለዚህ ነው። ልጄ ከጋሼ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ገባች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ቆሙ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ስንመለስ ወደ ታች ነው፣ ወንዙ ይገፋናል። 5.1 እና 1 ያህል፣ 6 ትንሽ አለፍ ሲል። ነዳጅ አልነካሁም። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ሞገዱን ስታይ ተኛች። ማንቂያዎቹ ሁለቱም ዜሮ።

ታንኩን በጀሪካን መልሼ ሞላሁ፦ 17 ሊትር፣ ለአራት ሰዓት የሞተር ሥራ።

የቀረ ሥራ፦ የማርሽ ካቦው ከብዷል፣ ወደ ኋላ ሲገባ አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ አንገራግሯል። ሎክ ውስጥ እንዲይዘኝ አልፈልግም፣ አዲሱን አዝዣለሁ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ በረዶ ሳይመጣ የሞተሩን ውኃ ማፍሰስ አለብኝ። ሞተሩ ጎን ያሉትን ሁለት የማፍሰሻ ብሎኖች ዛሬ አገኘኋቸው፣ አንደኛው ዝጓል። ዘይት ቀብቼ ትቼዋለሁ።